የተኛ ሰው ሥራ፤ የዕረፍት ጉልበት ቀመር አንድምታ

ንባብ። ክብደትህን በኪሎ መዝነህ በ10 አባዛ፤ ቁመትህን በሳንቲሜትር ለክተህ በ6.25 አባዝተህ ደምርበት፤ ዕድሜህን በ5 አባዝተህ ቀንስለት፤ ወንድ ብትሆን 5 ጨምር፣ ሴት ብትሆኚ 161 ቀንሺ፤ ዐርፈህ ስትውል ሰውነትህ በ24 ሰዓት የሚፈጀው ኪሎካሎሪ ይህ ነው።

ነገረ ደራሲ። ይህን ቀመር ማን ደረሰው ቢሉ፤ ማርክ ሚፍሊንና ሳኪኮ ሴንት ጄኦር ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ደረሱት። የት ቢሉ፤ በአሜሪካ፣ በኔቫዳ ግዛት፣ በሬኖ ከተማ። መቼ ቢሉ፤ በ1990 ታተመ፤ እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ከምን አገኙት ቢሉ፤ 498 ጤነኛ ሰዎችን፣ 251 ወንድና 247 ሴት፣ ታናሹ የ19 ታላቁ የ78 ዓመት ሰው፣ አስተኝተው ትንፋሻቸውን ለኩ። የተለካውንም ከክብደት፣ ከቁመት፣ ከዕድሜና ከፆታ ጋር አስተያይተው ለሁሉም የሚቀርበውን መስመር አወጡ። ቀዳሚ ነበራቸውን ቢሉ፤ አዎን። ጄምስ አርተር ሃሪስና ፍራንሲስ ቤኔዲክት በ136 ወንዶችና በ103 ሴቶች ልኬት ላይ ቆመው በ1919 ያወጡት ቀመር ሰባ ዓመት ያህል ሲሠራበት ኖሯል፤ ዛሬም ያልተወው ሐኪም አለ።

ለምን ይተረጎማል ቢሉ፤ ጥሬ ንባቡ ብቻውን ሰው ስለሚያሳስት ነው። ቀመሩ ዛሬ በየሰው ስልክ ገብቷል። ክብደት ልትቀንስ የተነሣች፣ 60 ኪሎ የምትመዝን፣ 160 ሳንቲሜትር የምትረዝም የ30 ዓመት ሴት አራቱን ነገር ትሞላለች፤ 1,289 የሚል ቁጥር ይወጣላታል። ከዚያ ወዲያ ቁጥሩ ሕግ ይሆንባታል። ከእርሱ ያለፈች ቀን ጥፋተኛ ነኝ ትላለች፤ ከእርሱ በታች በልታ ያልከሳች እንደሆነ የገዛ ሰውነቷን ትጠላለች። ቁጥሩ ስለ እርሷ ምን እንደሚያውቅና ምን እንደማያውቅ የነገራት ግን የለም። የዚህ ትርጓሜ ድካም ስለዚህ ነው።

“ዐርፈህ ስትውል።” በስተኋላ ያለውን አስቀድመን እንፈታለን፤ የፊተኛው ሁሉ ለእርሱ የተነገረ ነውና። ዐርፎ መዋል ማለት ተጋድሞ፣ ግን እንቅልፍ ሳይወስደው፤ እህል ከቀመሰ 12 ሰዓት ያህል አልፎት፤ ሳይበርደው ሳይሞቀው፤ ከጉልበት ሥራ ርቆ፤ ልቡ ሳይታወክ ነው። እንቅልፍ ሳይወስደው ለምን አለ ቢሉ፤ በእንቅልፍ ጊዜ ፍጆታው በመጠኑ ዝቅ ስለሚል ነው። 12 ሰዓት ለምን አለ ቢሉ፤ የተበላውን ለመፍጨትና ከሰውነት ለማዋሐድ ከምግቡ ጉልበት አንድ ዐሥረኛ ያህሉ ስለሚሄድ፣ ይህም ልኬቱን ስለሚያዛባ ነው። እንግዲህ ልኬቱ በጾም ነው። ከማታ ጀምሮ ሳይቀምስ ያደረ ጿሚ ማለዳ ላይ ለዚህ ልኬት ከሚፈለገው ዋናውን አሟልቶ ይገኛል። ሳይበርደው አለ፤ ብርድ የነካው ሰውነት ሙቀቱን ለመጠበቅ ጨምሮ ያነዳልና። ልቡ ሳይታወክ አለ፤ ፍርሃትና ንዴት ደምን ያፈጥናሉና።

ይህን ሁሉ አሟልቶ፣ ካደረበት አልጋ ሳይወርድ በማለዳ የተለካው “መሠረታዊ” ይባላል። ከቤቱ ተነሥቶ ወደ መለኪያው ቤት መጥቶ፣ ጥቂት ተጋድሞ የተለካው “የዕረፍት” ይባላል፤ ይህ ከፊተኛው እስከ 10 በመቶ ሊበልጥ ይችላል። የሃሪስና የቤኔዲክት ቀመር ስለ መሠረታዊው፣ የነሚፍሊን ስለ ዕረፍቱ ተነገረ። እዚህ ላይ የሚጣላ ነገር አለ። መሠረታዊው ማነስ ሲገባው፣ ለዚያችው የ60 ኪሎ ሴት የ1919ኙ ቀመር 1,385፣ የ1990ው 1,289 ይላታል። እንዴት ይስማማል ቢሉ፤ አይስማማም፤ የቀደመው ቀመር በዛሬ ሰው ላይ ሲፈተን አብዝቶ መገመቱ ታይቷል። ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ የሰው አካል ራሱ መለወጡ ነው፤ በዚያው ክብደት ላይ የዛሬው ሰው ስብ ይበዛበታል። ሁለት ቀመር፣ አንድ ሰውነት፣ 96 ኪሎካሎሪ ልዩነት። በቀን አንድ ሙዝ ቢያክል ነው፤ ግን በስልኳ ላይ ያየችው ቁጥር እስከ መጨረሻው አኃዝ ድረስ እርግጠኛ መስሎ ይታያል።

አንድም። ዐርፈህ ስትውል ማለቱ ሥራ ሳትሠራ ማለቱ አይደለም፤ ያለ ፈቃድህ የሚሠራው ብቻ ሲቀር ሲል ነው። ምን ሥራ ቢሉ፤ እያንዳንዱ ህዋስ ሶዲየምን ወደ ውጭ፣ ፖታሲየምን ወደ ውስጥ ሲያመላልስ ይውላል፤ ለዚህ ብቻ ከዕረፍት ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህል ይወጣል። ነርቭ መልእክት የሚያስተላልፈው፣ ልብ የሚመታው ይህ ማመላለስ በውስጥና በውጭ መካከል በሚያኖረው ልዩነት ነውና ለአፍታ ሊቆም አይችልም። ሌላ አንድ አምስተኛ ያህል ያረጀውን ፕሮቲን አፍርሶ አዲስ ለመሥራት ይሄዳል። ሌላውም እንዲሁ፣ አንድ አምስተኛ የሚያክለው፣ በህዋሱ የኃይል ማምረቻ በማይቶኮንድሪያ ሽፋን በኩል ሾልኮ ሥራ ሳይሠራ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ሰው ሲነኩት የሚሞቀው በዚህ ሁሉ ምክንያት ነው። 1,700 ኪሎካሎሪ ለ24 ሰዓት ሲካፈል 82 ዋት ያህል ይሆናል፤ ተጋድሞ ጣራ የሚያይ ሰው ድሮ በየቤታችን እንደነበረው ደማቅ አምፖል ያለማቋረጥ በርቶ ይውላል ያድራል።

አንድም። ማን ሠራው ቢሉ፤ ጥቂቶች ለብዙዎች። 70 ኪሎ የሚመዝን ወንድ እናስብ። አንጎሉ 1.4 ኪሎ ቢሆን ነው፤ በቀን 336 ኪሎካሎሪ ይፈጃል። ጉበቱ 1.8 ኪሎ ነው፤ 360 ይፈጃል። ልብና ኩላሊት ተደምረው ከ650 ግራም አይበልጡም፤ 280 ይፈጃሉ፤ በኪሎ ሲሰላ እንደ እነርሱ የሚፈጅ የለም፣ 440 ይደርሳል። አራቱ ተደምረው ከሰውዬው ክብደት 6 በመቶ አይሞሉም፤ ከዕረፍት ጉልበቱ ግን 60 በመቶ ሊደርስ ጥቂት የቀረው የእነርሱ ነው። 28 ኪሎው ጡንቻ ዐርፎ 364 ብቻ ይፈጃል፤ 15 ኪሎው ስብ 70 አይሞላም። ይህን ክፍፍል ልብ ይሏል፤ ወደ ፊት የሚመጣው ሁሉ የሚፈታው በእርሱ ነው።

ታሪክ። ይህ ነገር መጀመሪያ እንዴት ታወቀ ቢሉ፤ አንትዋን ላቮዋዚየ የሚባል የፓሪስ ኬሚስት ነበረ። ከሒሳብ ሊቁ ከላፕላስ ጋር ሆኖ በ1782 እና በ1783 መካከል ባለው ክረምት አንዲት ጊኒ ፒግ፣ ከአይጥ የምትገዝፍ ጅራት አልባ እንስሳ ናት፣ በበረዶ በተከበበ ዕቃ ውስጥ አስቀመጣት። ሙቀቷ ያቀለጠውን በረዶ በውሃው ሚዛን አወቀ፤ የተነፈሰችውንም አየር ለካ። ሁለቱን ቢያስተያይ ተቀራረቡለት፤ መተንፈስ ዘገምተኛ ቃጠሎ ነው ብሎ ፈረደ። ኋላም ሴገን የተባለ ረዳቱ ፊቱን ሸፍኖ በቱቦ እየተነፈሰ ራሱን ለልኬት ሰጠ፤ የላቮዋዚየ ሚስት ማሪ አን ደግሞ የሙከራውን ሥዕል ሣለች። ሰው ሲበርደው፣ ሲበላና ሲሠራ የሚወስደው ኦክስጅን እንደሚጨምር ያን ጊዜ ታወቀ። ከላይ “ሳይበርደው፣ ሳይበላ” ተብሎ የተነገረው ደንብ ሥሩ ይህ ነው። ላቮዋዚየ ግብር ሰብሳቢ ማኅበርተኛ ነበረና በአብዮቱ ጊዜ፣ ሜይ 8 ቀን 1794፣ በጊዮቲን አንገቱን ተቀላ። እንዲህ ያለ ሰው እንዲህ መሞቱ እስከ ዛሬ ያሳዝናል።

ዛሬስ እንዴት ይለካል ቢሉ፤ ሰውዬው ይጋደማል፤ ራሱ ላይ ጥርት ያለ የፕላስቲክ ሽፋን ይደፋለታል፤ ዳርና ዳሩ በአንገቱ ዙሪያ ይታሸጋል። አንድ ቱቦ ውስጡን አየር እየሳበ ወደ መሣሪያው ይወስዳል፤ መሣሪያውም ምን ያህል ኦክስጅን እንደጎደለና ምን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደተጨመረ ያነባል። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ይጣላሉ፤ ሰው ሽፋን ሲደፋበት ይደነግጣል፣ ትንፋሹ ይዘበራረቃል። ሲረጋ ነው የሚመዘገበው። በደቂቃ 250 ሚሊሊትር ኦክስጅን ወስዶ 200 ሚሊሊትር ካርቦን ዳይኦክሳይድ አወጣ እንበል፤ በቀን 360 ሊትርና 288 ሊትር ይሆናል። ዊር የተባለ ሊቅ በ1949 ባወጣው ቀመር የፊተኛው ሊትር በ3.9፣ የሁለተኛው በ1.1 ተባዝቶ ሲደመር 1,720 ያህል ኪሎካሎሪ ይገኛል። ልብ በሉ፤ ይህ ልኬት ነው። የእኛ ንባብ ግን ትንፋሹን ያላየ ግምት ነው፤ በሚታየው ክብደትና ቁመት የማይታየውን ጉበትና አንጎል ይጠይቃል።

“ክብደትህን በ10 አባዛ።” ነጠላ ትርጉሙ እያንዳንዱ ኪሎ በቀን 10 ኪሎካሎሪ ያስጨምራል ነው። አንድም፤ ኪሎ ሁሉ እኩል አይደለምና 10 ቅልቅል ነው። የአንጎል ኪሎ 240፣ የጡንቻ ኪሎ 13፣ የስብ ኪሎ 4.5 ይፈጃል። ሰው ሲከብድ የሚጨምረው አንጎል አይደለም፤ ስብና ጥቂት ጡንቻ ነው፤ 10 የተባለው በእነዚህ መካከል ወድቆ የተገኘ ነው። ሐተታ። ሁለት 90 ኪሎ የሚመዝኑ፣ ቁመታቸውና ዕድሜያቸው እኩል የሆነ ወንዶች ቢኖሩ፣ አንዱ ሲሚንቶ ሲሸከም የኖረ ጡንቻማ፣ ሁለተኛው ቦርጫም፣ ንባቡ ለሁለቱ አንድ ቁጥር ይሰጣል። ለጡንቻማው ያሳንሳል፤ ለቦርጫሙ ያበዛል። በጣም የወፈረ ሰው ላይ ቀመሩ ይበልጥ የሚስተው ስለዚህ ነው።

ይህም አለ። ጡንቻ የገነባ ሰው ተኝቶ እንኳ ብዙ ያቃጥላል እየተባለ በየጂሙ ይወራል። አንድ ኪሎ ጡንቻ ዐርፎ 13 ነው፤ አምስት ኪሎ ጡንቻ፣ ለአብዛኛው ሰው የብዙ ወራት ላብ ነው፣ 65 ያስጨምራል። ብረት ማንሳት ለአጥንትም ለስኳርም ለእርጅናም መልካም ነው፤ ሰው ግን በዚህ ተስፋ ሊታለል አይገባም።

“ቁመትህን በ6.25 አባዝተህ ደምርበት።” በአንድ ክብደት ረዥሙ ከአጭሩ ቀጭን ነውና ስቡ ያንሳል፣ ሥጋው ይበዛል። አንድም፤ ረዥም ሰው ሙቀት የሚያመልጥበት ቆዳው ሰፊ ነው፤ ማክስ ሩብነር በ1883 በውሾች ላይ ለክቶ ፍጆታ ከቆዳ ስፋት ጋር ይሄዳል ብሏል። ማክስ ክላይበር በ1932 የተለያየ መጠን ያላቸውን እንስሳት አስተያይቶ፣ ፍጆታ በክብደት ሦስት አራተኛ ርቢ ይሄዳል ብሎ አሻሻለው። ለአንድ ሰው የሚጠቅመው የፊተኛው ትርጉም ነው።

“ዕድሜህን በ5 አባዝተህ ቀንስለት።” ሰው ከ30 እስከ 60 ሲደርስ 150 ይቀንሳል ማለት ነው። ብዙ ሰው ከዚህ ተነሥቶ “አርባ ስሞላ ሰውነቴ ዘገመ፣ ስለዚህ ወፈርኩ” ይላል። ይህን የሚያፈርስ ነገር መጣ። በ2021 ኸርማን ፖንትዘርና ብዙ ተባባሪዎቹ ከ29 አገር የ6,421 ሰዎችን ልኬት፣ ከተወለደ 8 ቀን ከሆነው እስከ 95 ዓመቱ፣ ሰብስበው አሳተሙ። የአካልን መጠንና ስብ የሌለውን ሥጋ አስተካክለው ቢያዩ፣ ከ20 እስከ 60 ዓመት ገደማ ፍጆታው አልተነቃነቀም። ከ60 በኋላ በየዓመቱ 0.7 በመቶ ያህል ይወርዳል። ከሁሉ የሚበልጠው የአንድ ዓመት ሕፃን ነው፤ ለመጠኑ ከአዋቂው 50 በመቶ ያህል ይበልጣል።

እንግዲህ ያ 5 ሐሰት ነውን ቢሉ፤ አይደለም። ያ 5 የዕድሜን ሳይሆን ከዕድሜ ጋር አብሮ የሚሸሸውን ጡንቻ ይናገራል። ቀመሩ ጡንቻን ማየት አይችልም፤ የልደት ዘመንን ግን ሁሉም ይነግረዋልና በእርሱ ይጠይቃል። ስለዚህ በ60 ዓመቱ ጠዋት ማታ ዳገት የሚወጣ፣ ሥጋው ያልሟሸሸ የገጠር ሽማግሌ ከተገመተለት በላይ ሊፈጅ ይችላል፤ ከወንበር የማይነሣ የ35 ዓመት ሰው ደግሞ ከተገመተለት በታች።

“ወንድ ብትሆን 5 ጨምር፣ ሴት ብትሆኚ 161 ቀንሺ።” ልዩነቱ 166 ነው። ምነው ቢሉ፤ በእኩል ክብደትና ቁመት ሴት በአማካይ ስብ ይበዛላታል፣ ጡንቻ ያንሳታል። ሌላ ምሥጢር አለበትን ቢሉ፤ ራሳቸው ደራሲዎቹ ፈተውታል። በዚያው በ1990 ጽሑፋቸው ሁለተኛ ቀመር አለ፤ ስብ የሌለውን የሰውነት ክፍል በኪሎ ወስደህ በ19.7 አባዛ፣ 413 ጨምር የሚል። በዚህ ቀመር ወንድና ሴት የሚል የለም፤ ዕድሜም የለም፤ ቁመትም የለም። ሦስቱ ሁሉ የዚህ የአንዱ እንደራሴዎች ነበሩና እርሱ ሲገኝ ተሰናበቱ። የሴት ሰውነት “ደካማ” ስለሆነ 161 ተቀነሰ የሚል ሰው ቢኖር ይህን ያንብብ።

“ይህ ነው።” በአማካይ ይህ ነው ሲል ነው። ወፍራም ባልሆኑ ጤነኛ አዋቂዎች አብዛኞቹ ላይ ግምቱ ከልኬቱ ከ10 በመቶ ባልበለጠ ይርቃል። ለ1,289ኙ ግን 10 በመቶ 129 ነው፤ እውነቱ 1,160ም 1,418ም ሊሆን ይችላል።

አንድም፤ ጤነኛ ስትሆን ይህ ነው ሲል ነው። ትኩሳት በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ ከ10 እስከ 13 በመቶ ያህል ያስጨምራል። የታይሮይድ ዕጢው ሥራ የበዛበት ሰው እየበላ ይከሳል፤ ማግኑስ ሌቪ በ1895 እንዲህ ያሉ ሕመምተኞች የሚወስዱትን ኦክስጅን ለክቶ ፍጆታቸው ከፍ ማለቱን አሳየ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን የዕረፍት ጉልበት መለካት የዚህ ዕጢ መመርመሪያ ነበረ። ሰውነቱ በሰፊው የተቃጠለ ሕመምተኛ ፍጆታው እጅግ ይወጣል፤ በእርሱ ላይ ይህን ንባብ እንዳለ ማንበብ ማስራብ ነው።

አንድም፤ ጠግበህ ስትኖር ይህ ነው ሲል ነው። የረሃብ ነገር ከዚህ ይገባል። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊያልቅ ሲል፣ አንሴል ኪስ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ጦር አንይዝም ያሉ 36 ፈቃደኛ ወጣቶችን ለ24 ሳምንት በግማሽ ምግብ አኖራቸው፤ በጦርነቱ የተራበው ሕዝብ እንዴት እንደሚያገግም ለማወቅ። ክብደታቸው በሩብ ያህል ወረደ፤ መሠረታዊ ጉልበታቸው ግን 40 በመቶ ያህል ወደቀ። ከክብደቱ በላይ የወደቀው ምንድን ነው ቢሉ፤ ከፊሉ ሥጋቸው ማለቁ፣ ከፊሉ የቀረውም ሥጋ በየግራሙ መቆጠቡ ነው። ልባቸው ዘግይቶ ይመታ ነበር፤ በበጋም ይበርዳቸው ነበር። ራሷን አስርባ ክብደቷ የቆመባት ሴት ሰነፍ አይደለችም፤ ሰውነቷ የመኖር ሥራውን እየሠራ ነው።

ንባቡ ለማን ተነገረ ቢሉ፤ ይህ የመጨረሻው ነው፤ እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝም ይህ ነው። የነሚፍሊን ሰዎች የሬኖ ሰዎች ናቸው። ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ከ1985 ጀምሮ የተጠቀሙበት የስኮፊልድ ቀመር ከ7,000 በላይ ልኬት አለው፤ ግማሽ ሊሆን ጥቂት የቀረው ግን የጣሊያኖች ነበር፣ ፍጆታቸውም ከሌላው ከፍ ያለ። በ2005 ጄያ ሄንሪ ጣሊያኖቹን አውጥቶ፣ ከሞቃት አገሮች 4,018 ሰዎች ያሉበትን የ10,552 ልኬት ክምችት አቁሞ አዲስ ቀመር ሠራ፤ ለብዙዎቹ አዋቂዎች ግምቱ ከቀድሞው ዝቅ አለ። ማን እንደተለካ የሚወስነው ለሁሉም የሚነገረውን ነው።

ይህ የወረቀት ጉዳይ አይደለም። የተፈናቀለ ሰው ስንዴ ሲሠፈርለት በቀን 2,100 ኪሎካሎሪ የሚባለው መነሻ የተቆጠረው ከዚሁ ከዕረፍት ጉልበት ነው፤ የእንቅስቃሴው ተጨምሮበት። የዕርዳታ አሰጣጡ መመሪያ ራሱ የአየሩ ሙቀት ከ20 ዲግሪ ሲወርድ በየ5 ዲግሪው 100 ኪሎካሎሪ ጨምሩ ይላል። በደጋ ላይ በሸራ ድንኳን ያለ፣ በ10 ዲግሪ ብርድ የሚኖር አምስት ነፍስ ያለው ቤተሰብ በዚህ ስሌት በቀን 1,000፣ በወር 30,000 ኪሎካሎሪ ይጨመርለታል፤ ይህም 9 ኪሎ ያህል ስንዴ ነው።